ጉለሌ፦ የአንድ ሰፈር ታሪክና አገልግሎቱ

ሰው ስለ ሩቅ አገር ብዙ ይሰማል። ስለሚኖርበት ሰፈር ግን እምብዛም አይጠይቅም። «ይህ ቦታ ለምን እንዲህ ተባለ? ከእኛ በፊት ማን ይኖርበት ነበር? ውሃው፣ መንገዱ፣ ሐኪም ቤቱ መቼ መጣ? ማንስ ደከመበት?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ዝም ነው የምንለው። ዝም የምንለው ነገሩ ስለሌለ አይደለም። ማንም ስላልጻፈልን ነው።

እኛ ማንበብና መጻፍ ልናስተምር የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ሰፈር እናወራለን። ሰፈሩ ጉለሌ ይባላል። የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ጉለሌን የመረጥነው ከሌላው ሰፈር ስለሚበልጥ አይደለም። በአንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ የአገራችንን ታሪክ ማየት እንደሚቻል ጥሩ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የምታገኙት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

ጉለሌ በመጀመሪያ የሰዎች ስም ነበር፤ የቦታ ስም የሆነው ኋላ ነው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ አካባቢ የሚኖሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ነበሩ። ከእነዚህ ጎሳዎች አንዱ ጉለሌ ይባላል። በስተ ምሥራቅ ያለው የካ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው እንዲሁ ከጎሳ ስም ነው። ሰዎቹ ያርሱ ነበር፣ ከብትም ያረቡ ነበር። ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ የግጦሽ መሬታቸው ነበር። ዝቅ ብሎ ደግሞ ፊንፊኔ የሚባለው ፍል ውሃ ነበረ።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አደረጉ። ተራራ ላይ መሆን ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይጠቅማል። ለኑሮ ግን ከባድ ነው። ብርዱና ነፋሱ ያስቸግራል፤ እንጨትም እያለቀ ይሄዳል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ ወዲህ ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። እንጦጦ ግን ወዲያው አልተተወም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከተማው ሲወርድ መሬቱ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ተከፋፈለ። እያንዳንዱ መኰንን ከነጭፍራው በተሰጠው ቦታ ሰፈረ። «ሰፈር» የምንለው ቃል ከዚህ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራው ለዚህ ነው።

ታዲያ በፊት የነበሩት ሰዎችስ? ከብታቸውን ያሰማሩበት የነበረው ሜዳ የከተማ ቦታ ሆነ። ብዙዎቹ ከመሬታቸው ተነሡ፣ ወደ ዳር ተገፉ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በከተማው ውስጥ ያለ መሬት በወረቀት እየተመዘገበ ባለ ይዞታው እንዲታወቅ ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ። ወረቀት ያለው ባለመሬት ተባለ። አባት አያቱ የኖሩበት፣ ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሰው «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው ነገር አጣ። ለጉለሌ ሰዎች የቀረላቸው ስማቸው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ማንበብና መጻፍ የቅንጦት ነገር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ተራራው፣ ውሃውና ባሕር ዛፉ

የእንጦጦ ተራራ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ይህ ተራራ ሁለት ታላላቅ የወንዝ ተፋሰሶችን ይለያል። በሰሜን በኩል የወረደው የዝናብ ውሃ ወደ ሙገር ወንዝ፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል። በደቡብ በኩል፣ ማለት ወደ ጉለሌ የወረደው ግን ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ከአቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች እንዲህ ተለያይተው ይቀራሉ።

ተራራው መጀመሪያ የጽድ ደን ነበረበት። ከተማው ግን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ብዙ እንጨት ፈጀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ምኒልክ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ይታወቃል። አንዱ ዋና ምክንያት የእንጨት እጥረት ነው። ከተማው እንዳይነሣ ያደረገው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። «ባሕር ዛፍ» የተባለውም ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚህ ምክንያት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተራራው በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፣ ከተማውም ባለበት ጸና።

ሆኖም ባሕር ዛፍ ጥቅም ብቻ አይደለም ያለው። ብዙ ውሃ ይጠጣል። ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። መሬቱ ራቁቱን ሲቀር ደግሞ ጎርፍ አፈሩን ይጠርገዋል። ስለዚህ በኋላ ዘመን የአገር ዛፎችን መልሶ ለመትከል ተሞከረ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኅብረት የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አንዱ ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍቷል።

ስለ እንጦጦ እንጨት ስንናገር የማንረሳቸው እናቶች አሉ። ለብዙ ዘመናት የከተማው እንጀራ የተጋገረው በእነሱ ጀርባ በወረደ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ሌሊት ተነሥተው ዳገቱን ይወጣሉ። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ያንን ሸጠው ለልጆቻቸው ዳቦ ይገዛሉ። ከነዋሪው ብዙው በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ከጀመረ ወዲህ የቅጠሉ ገበያ እየቀነሰ መጣ። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ከንጉሡና ከእቴጌዪቱ ቀጥሎ እነዚህ እናቶች ሊጻፉ ይገባል፤ ያለ እሳት ከተማ የለማ!

የቧንቧ ውሃም ታሪክ ከእንጦጦ ይጀምራል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ቧንቧ ዘረጋ። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ውሃው ግን የደረሰው ለቤተ መንግሥቱ ነው። ከተራራው ሥር ያለው ነዋሪ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ መቅዳቱን አልተወም። ኋላ በስተ ምዕራብ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ደግሞ በስተ ምሥራቅ ለገዳዲ ተገድበው ለከተማው ውሃ ሰጡ። በየመንደሩ የቦኖ ውሃ ቆመ። የጉለሌ ዳገታማ ሰፈሮች አንድ ችግር አለባቸው። ውሃ በራሱ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ወደ ላይ ለማድረስ በፓምፕ መግፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጠማው ከላይ ያለው ነው።

ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ የአሜሪካንን ኤምባሲ አለፍ ሲሉ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። የሐበሻ ልብስ መግዛት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ሽሮ ሜዳን ያውቃል። በአካባቢው ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከአርባ ምንጭ በላይ ካሉት የጋሞ ተራሮች፣ ከዶርዜና ከአጎራባቾቹ የመጡ ናቸው፤ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው።

አንድ ነጠላ ወይም አንድ ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በመጀመሪያ ጥጡ ፍሬው ይወጣለታል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶም ይሆናል። ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋው ክር ድር ይባላል፤ በወርድ የሚገባው ደግሞ ማግ ነው። ዛሬ ዛሬ ለድር የሚያገለግለው ክር አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ነው። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። በእግሩ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል። በተከፈተው መካከል መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ክር ብቻ ነው የሚገባው። አንድ ክንድ ጨርቅ ስንት ውርወራ እንደሚፈልግ እስቲ ቁጠሩት! ጥለቱ ሲመጣ ደግሞ ቀለማቱን በእጁ እየለየ ያስገባል። የድርን ኃይል ያየ ሰው ነው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው።

ከሽሮ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ቀጨኔ አለ። ቀጨኔ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቀ ነው። ሸክላውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አፈሩን ይወቅጣሉ፣ ይነፋሉ፣ በውሃ ያቦካሉ። ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ እንስራውን ሁሉ በእጃቸው ያበጃሉ። ዕቃው ሲጠነፍፍ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፤ ሲደርቅ በእሳት ይተኩሱታል። እሳቱ ካነሰ አይጸናም። በድንገት ከበዛም ይሰነጠቃል። ይህን ማወቅ የብዙ ዓመት ትምህርት ነው፤ ደብተር የሌለው ትምህርት።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች ግን ምን ተባሉ? ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተባሉ። «ቁጢት በጣሽ» እየተባሉ ተሰደቡ። የሠሩትን የለበሰ፣ በሠሩት ዕቃ የበላ ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አልቀርብም አለ፤ ልጄንም አልድርም አለ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ በማታ ትምህርት ላይ «ልጆቼ፣ ደግሞ የኛ ሥራ መጽሐፍ ላይ ይጻፋል እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል። «አዎን አባባ፣ ይጻፋል» አልናቸው። ሰውን ዓይቶ የሚበላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ያለው ሥራን የመናቅ በሽታ ነው። እሱም ከነዋሪዎች መካከል ገና ፈጽሞ አልጠፋም።

ዛሬ ሸማኔው ሌላም ፈተና አለበት። ጥለት የሚመስል ሥዕል በመኪና የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ከውጭ ይመጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት የእጅ ሥራ ይመስላል። ገዥው ልዩነቱን ካላወቀ የሸማኔው የብዙ ቀን ድካም ከአንድ ሰዓት የመኪና ሥራ ጋር ይወዳደራል። ለማወቅ ጨርቁን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት ከክሩ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ የታተመው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፊቱ በኩል ብቻ ይደምቃል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገርም መናገር አለብን። ከገጠር «ትምህርት ቤት እናስገባዋለን» እየተባለ ትንንሽ ልጆች ወደ ከተማ ሲወሰዱና በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ሲውሉ ኖረዋል። ልጅ ሙያ ከወላጁ መማሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከንጋት እስከ ምሽት ጎንበስ ብሎ የሚውል ልጅ ጀርባው ይጎብጣል፣ ዓይኑ ይደክማል፣ ፊደልም ሳይቈጥር ያድጋል። ሽመና የሚከበረው ሸማኔው ሲማር ነው።

ሐኪም ቤትና «ፓስተር»

ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ከየት መጣ? ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ነበር። በሽታ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት እንደሚመጣ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ነው። በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰን አንድ ልጅ በክትባት አዳነ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በስሙ ከሚጠራው የፈረንሳይ ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት ጉለሌ ውስጥ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ድርጅቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጦ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ሕዝቡ ግን ዛሬም ሰፈሩን ፓስተር ነው የሚለው። በውሻ የተነከሰ ሰውም «ፓስተር ውሰዱት» ይባል ነበር።

ይህን ካነሣን የሚጠቅም ምክር እንጨምር። በውሻ የተነከሰ ሰው ቊስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ መተው አይገባም። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ በሽተኛውን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

በዚሁ በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። የተሠራው በ1961 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ዓላማው ገንዘብ የሌለውን ድኻ ማከም ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞችን ያስተምራል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከልም በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እዚሁ ነው። ወደ እንጦጦ ከፍ ሲሉ ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ፤ ለብዙ ዘመን የታወቀው በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው።

ትምህርት ቤቶች

ጉለሌና አካባቢው በትምህርት ቤት የታወቀ ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተባለ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣልያንን የወጋ የእንግሊዝ መኰንን ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ሲሉ ደግሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያ ግቢ ነው። ከዚያም ፋሽስቶች ለሦስት ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ እልቂት ፈጸሙ። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ደም የፈሰሰበት ግቢ የመማሪያ ቦታ ሆኗል።

የአዋቂዎች ትምህርት ደግሞ ሰፊ ሥራ የሆነው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ነው። ትምህርቱ ኋላ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተሰጠ። በየቀበሌው አዳራሽ ሽማግሌዎችና እናቶች ከሥራ መልስ በፋኖስና በአምፑል ብርሃን ፊደል ቈጠሩ።

ቀበሌና እድር

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ትርፍ ቤቶች በቀበሌ እጅ ሆኑ፤ ኪራይም ተቀነሰ። የዛሬው ጉለሌ ክፍለ ከተማ የተዋቀረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ይሁንና የቀበሌ ቤት ዘመን ሲረዝም ቤቶቹ አረጁ፣ ጣራቸው አፈሰሰ፤ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ሆነ። ለሸማኔ ቤቱ መኖሪያው ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቦታውም ነው። ሸክላ ሠሪዋም የምትተኩስበት ግቢ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሰፈር ሲታደስ «እነዚህ ሰዎች የት ይተኛሉ?» ብቻ ሳይሆን «የት ይሠራሉ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ከመንግሥት ውጭ ሕዝቡ በራሱ ያቆመው አገልግሎት እድር ነው። አባላቱ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ያዋጣሉ። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ዕቃ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛውን ይረዳል። እድር የኦሮሞ፣ የጋሞ፣ የአማራ፣ የጉራጌ ሳይል ጎረቤትን በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። የእድሩ ጸሐፊ ደብተር ደግሞ የሰፈሩ ታሪክ ነው፤ ማን ኖረ፣ ማን ሞተ፣ ማን ረዳ የሚለው ሁሉ እዚያ አለ።

እናንተም ጻፉ

እስካሁን ያየነውን እናስብ። የጉለሌ ሰዎች ስማቸው ቀረ፤ እነሱ ግን ተረሱ። እንጨት ያወረዱት እናቶች ከተማውን አሞቁ፤ ስማቸውን ማንም አልጻፈም። ሸማኔው አገሩን አለበሰ፤ ስድብ ተከፈለው። የተጻፈላቸው ግን ሐውልትም መንገድም አላቸው። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቈጠራል፤ ያልተጻፈ መብትም ለመካድ ይቀላል።

አሁን እናንተ መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ደብተር ያዙ። በመንደራችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና እናቶች ሳይዘገይ ጠይቁ። የሰፈሩን ስም ምክንያት፣ ምንጩን ማን እንዳጎለበተ፣ ትምህርት ቤቱን ማን እንደ ሠራ፣ ወፍጮው መቼ እንደ መጣ ጻፉ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢነግራችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑንና የነገሯችሁን ሰዎች ስም አትርሱ።

ጥያቄዎች

1. ጉለሌ የሚለው ስም ከየት የመጣ ነው?
2. የመሬት ወረቀት አለመኖሩ በነባሮቹ ነዋሪዎች ላይ ምን ጉዳት አመጣ?
3. ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ምን ጠቀመ? ጉዳቱስ ምንድን ነው?
4. በእጅ የተሸመነ ጥለትንና የታተመ ጨርቅን እንዴት ትለያላችሁ?
5. በውሻ የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት?
6. በእናንተ መንደር የሚናቅ ሥራ አለ? ሥራው ባይኖር ምን ይጎድልባችሁ ነበር? ተወያዩበት።